ጠያቂና መላሽ፦ ኪቦርዱ ዝም ሲል

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉም አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ አልሠራ ስላለ ኪቦርድ ናቸው። አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹን ስም ትተን ሥራቸውንና ሰፈራቸውን ብቻ ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ቢሯችን ከፒያሳ ሲዛወር ኮምፒውተሮቹ ተነቃቅለው በመኪና መጡ። አንዱ ፔንቲየም 4 ነው፤ የተጫነበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲሆን ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም የያዝነው የድሮ ሂሳባችን ያለው እዚያ ላይ ብቻ ስለሆነ ልንጥለው አንችልም። አሁን ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኪቦርድ ኤረር» ይልና ኤፍ1 ተጫኑ ይላል። ብንጫን ምንም የለም። ማውሱ ዩኤስቢ ነው፤ የኪቦርዱ መሰኪያ ግን ክብና ሐምራዊ ነው። ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል ተባልን። እውነት ነው?
የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ዕቃ ሲጓጓዝ ማዘርቦርድ ከሚበላሽበት ይልቅ መሰኪያ የሚጎብጥበት ወይም ያለቦታው የሚሰካበት ጊዜ ይበዛል። (ኪቦርድ አላገኘሁም ብሎ ሲያበቃ «ኤፍ1 ተጫኑ» ማለት የባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ የቆየ ቀልድ ነው።)

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው የመብራት ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ። ይህን የምንለው ለወጉ ያህል አይደለም። ፒኤስቱ የሚባለው ይህ ክብ ሶኬት አይቢኤም በፈረንጆች 1987 ያመጣው ነው፤ እንደ ዩኤስቢ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ እንዲነቀልና እንዲሰካ ታስቦ አልተሠራም። ኮምፒውተሩ ኪቦርዱን የሚፈልገው ሲነሣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢሰኩት ላያየው ይችላል። የባሰው ደግሞ፣ በርቶ ሲሰካ ፒኖቹ ዘንበል ብለው ከተነካኩ ለሶኬቱ 5 ቮልት የሚያሳልፈው ፊውዝ ሊቃጠል ይችላል።

ቀጥሎ ቀለሙን ይዩ። ሐምራዊው ቀዳዳ የኪቦርድ፣ አረንጓዴው የማውስ ነው። ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ የኪቦርዱ መሰኪያ አረንጓዴው ውስጥም ሰተት ብሎ ይገባል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ከዚያ የስልክዎን መብራት አብርተው መሰኪያውን ፊት ለፊት ይመልከቱት። መካከሉ ላይ አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ጥርስ አለ፤ ዙሪያውን ቀጫጭን ፒኖች ቆመዋል። ከስድስቱ ቦታዎች ሥራ ያላቸው አራቱ ብቻ ናቸው፦ ዳታ፣ ግራውንድ፣ 5 ቮልትና ክሎክ። ሁለቱን ትርፍ ፒኖች ጭራሽ የማያስገቡ ፋብሪካዎች ስላሉ፣ አራት ወይም አምስት ፒን ብቻ ስላዩ ተሰብሯል ብለው አይደምድሙ። የጎበጠ ካለ በቀጭን ወረንጦ ወይም እርሳሱ በወጣለት መካኒካል እርሳስ ጫፍ ቀስ አድርገው ያቅኑት። አንዴ ቢቃና ይችላል፤ ደጋግመው ካመላለሱት ይቆረጣል።

መልሰው ሰክተው ሲያበሩ ዓይንዎ ስክሪኑ ላይ ሳይሆን ኪቦርዱ ላይ ይሁን። ጤነኛ ኪቦርድ ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ራሱን ይፈትሻል፤ በዚያች ቅጽበት የነም ሎክ፣ የካፕስ ሎክና የስክሮል ሎክ መብራቶች አንዴ ብልጭ ይላሉ። ብልጭ ካሉ 5 ቮልቱ ደርሷል፤ የሚጠረጠረው የዳታው ወይም የክሎኩ መስመር ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከገመዱ ወይም ከጎበጠው ፒን አይዘልም። ብልጭ ካላሉ ወይ ገመዱ ውስጡ ተቆርጧል፣ ወይ ሶኬቱ ኤሌክትሪክ የለውም። ይህን ለመለየት የእርስዎን ኪቦርድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ የሌላውን ደግሞ እዚህኛው ላይ ይሞክሩ፤ በየመሐሉ ማጥፋትዎን አይርሱ።

የሌላውም ኪቦርድ እዚህ አልበራ ካለ ጥርጣሬው ወደ ማዘርቦርዱ ይዞራል። ቢሆንም ገና ቦርድ አይገዛም፤ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ይቀድማሉ። አንደኛው ጃምፐር ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ቦርዶች ላይ ከፒኤስቱ ሶኬት አጠገብ የኪቦርድ ፓወር ምልክት የተጻፈባቸው ሦስት አጫጭር ፒኖች አሉ፤ ሁለቱን የምታገናኝ ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ ትገጠምባቸዋለች። በጉዞ ወይም በአቧራ ጠረጋ ወልቃ ከሆነ ለኪቦርዱ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ አብሯት ሄዷል። የሲፒዩውን ሳጥን ዘቅዝቀው ቀስ ብለው ቢነቀንቁት ከስር ልትወድቅ ትችላለች።

ሁለተኛው ፊውዙ ነው። ራሱን የሚመልስ ዓይነት ከሆነ ገመዱ ተነቅሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢያርፍ ቀዝቅዞ ወደ ሥራው ይመለሳል። የአንድ ጊዜ ዓይነት ከሆነ ግን በተመሳሳይ አምፒር መተካት አለበት፤ መበየድ ለሚችል ባለሙያ ረጅም ሥራ አይደለም። ጠጋኙን «በሶኬቱ 4ኛና 3ኛ ፒን መካከል 5 ቮልት አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁት። በቴስተር ሳይለካ ማዘርቦርድ ግዙ ካለ ሌላ ጋ ይውሰዱት። አንድ ነገር ግን በፍጹም እንዳይደረግ፦ ቤት ውስጥ ባልቦላ ሲቃጠል ሽቦ እንደሚታሰረው፣ ይህንንም ፊውዝ በሽቦ መዝለል። ኪቦርዱ ውስጥ ሾርት ካለ በፊውዙ ፋንታ የሚቃጠለው የቦርዱ ቀጭን የመዳብ መስመር ነው።

ሥራው የሚያስቸኩል ከሆነ ከኋላ ባለው ዩኤስቢ ላይ የዩኤስቢ ኪቦርድ ይሞክሩ። ኤፍ1ን አልቀበል ካለ ባዮሱ ውስጥ «ዩኤስቢ ኪቦርድ ሰፖርት» የሚለው ተዘግቶ ይሆናል። ለመክፈት ባዮስ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ ለመግባት ደግሞ የሚሠራ ኪቦርድ። የፒኤስቱ ሶኬት ደህና ከሆነ ለአንድ ሰዓት ፒኤስቱ ኪቦርድ መዋስ ነው የሚሻለው። ሶኬቱ ከሞተ ግን የመብራት ገመዱን ነቅለው የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ያውጡ፤ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል፤ በአንዳንድ ቦርድ ይህ ምርጫ ዩኤስቢውን ይከፍተዋል፣ በአንዳንዱ አይከፍተውም። ባትሪውን ካወጡ አይቀር አዲስ ይግዙለት፤ ቁጥሩ ሲአር2032 ነው፣ 3 ቮልት፣ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር። ከዚህ በኋላ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ፒችትሪን ከመክፈትዎ በፊት ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ አለዚያ የዛሬው ደረሰኝ ከብዙ ዓመት በፊት ባለ ቀን ይመዘገብብዎታል።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ የምንተይብበት ኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ ስኳር ያለው ሻይ ተደፋ። ጠርገን አደረቅነው። አሁን ኢ፣ ዲ፣ ሲ እና ቁጥር 3 አይሠሩም፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። አራቱ ፊደሎች ቢቀየሩ ይድናል?
የጽሕፈት አገልግሎት፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ አራቱ አልተበላሹም፤ የተበላሸው የሚጋሩት አንድ መስመር ነው። ተራ ኪቦርድ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ አይሄድለትም። ሁለት ስስ የፕላስቲክ ሉሆች ተደራርበው አሉ፤ በአንዱ ላይ አግድም፣ በሌላው ላይ ቁልቁል መስመሮች ታትመዋል። ቁልፍ ሲጫኑ ሁለት መስመር አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል፤ ኪቦርዱ የትኛው ከየትኛው እንደተነካ አይቶ ፊደሉን ያውቃል። የመቶ አራት ቁልፍ ሥራ በሃያ ምናምን መስመር ያልቃል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ብቻ ከሞተ ከስሩ ቆሻሻ አለ፤ በአንድ ረድፍ የተሰለፉ ብዙ ቁልፎች አብረው ከሞቱ መስመሩ ተቆርጧል ወይም ተበልቷል።

ስኳሩ ነው ጉዳቱን ያመጣው። ውሃ ይደርቃል፤ ስኳር ግን ተጣብቆ ይቀራል፤ በክረምቱ እርጥበት እየሳበ ሉሁ ላይ የታተመውን የብር መስመር ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከሳምንት በኋላ ሌሎች ፊደሎች ቢከተሉ እንዳይገርማችሁ፤ ቶሎ ክፈቱት።

ኪቦርዱን ነቅላችሁ ገልብጡት፤ በካቻቢቴ የኋላ ብሎኖቹን አውጡ። ሁሉም ወጥተው አሁንም አልከፈት ካለ አንዷ ከወረቀቱ መለያ ስር ተደብቃለችና በጣት ዳስሳችሁ ወረቀቱን ብሱት። ከመክፈታችሁ በፊት ፎቶ አንሡት። ከቁልፎቹ ስር ያሉት ጎማዎች ነጠላ ነጠላ ከሆኑ ይበተናሉ፤ ስለዚህ በተገለበጠበት ሁኔታ የስሩን ክዳን አንሡ እንጂ ወደ ፊቱ አትመልሱት።

ሉሆቹን ውሃ ውስጥ አትንከሩ። ውሃው በሁለቱ ሉሆች መካከል ይገባና አይወጣም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል በጥጥ ነክራችሁ የእያንዳንዱን ሉህ ሁለቱንም ገጽ አብሱ። ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አትጠቀሙ፤ ኅትመቱን ያሟሙታል። ከዚያ ሉሁ ከትንሿ ሰርኪት ቦርድ ጋር የሚነካካበትን ጫፍ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ብረት ወይም ፕላስቲክ ተጭኖ በብሎን ይታሰራል እንጂ አልተበየደም። ሻዩ የሚጠራቀመው፣ ብሎኑም የሚላላው እዚያ ነው፤ አንድ ሙሉ ረድፍ ሲጠፋ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ይህን ጫፍ ነው። ቦርዷ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጥቦች በለስላሳ ላጲስ ሁለት ሦስቴ ብቻ ዳሰስ አድርጉ፤ አጥብቃችሁ ካሻችሁ ካርቦኑ ይላጣል። ብሎኖቹን ስትመልሱ በደንብ ይጥበቁ።

መስመሩ ራሱ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከተቆረጠ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የብር ቀለም ሊቀጠል ይችላል። በእርሳስ ማስመር የሚመክሩ አሉ፤ ቢሠራም አያዛልቅም። ለተራ ኪቦርድ ከግማሽ ቀን በላይ ልፋት አይገባም ባዮች ነን፤ ቀለሙን ፍለጋ ከመዞር አዲስ መግዛት ይረክሳል።

የፊደል ቁልፎቹን ግን አውጥታችሁ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ልታጥቧቸው ትችላላችሁ። የስፔስ ባሩ ስር የሽቦ ማረፊያ አለው፤ በአንድ በኩል ጎትታችሁ አትስበሩት። በበጋ ለ24 ሰዓት፣ በክረምት ለሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ማስመታት ሉሁን ያጣምመዋል።

ጥያቄ፦ ኪቦርዴ ዊንዶውስ 7 ላይ ነው። አንድን ፊደል ጫን አድርጌ ካልቆየሁ አይጽፍም፤ ፈጠን ብዬ ስጽፍ ጭራሽ ዝም ይላል። አዲስ ኪቦርድ ገዛሁ፤ ያው ነው።
ከካዛንቺስ

መልስ፦ ኪቦርዱን ሲቀይሩ ሕመሙ አብሮ ከመጣ ሕመሙ ኪቦርዱ ላይ አልነበረም። ዊንዶውስ ውስጥ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሠራ «ፊልተር ኪስ» የሚባል ነገር አለ፤ አጭር ንክኪን ይተዋል። የሚነሣው የቀኝ ሺፍት ለ8 ሰከንድ ተጭኖ ሲቆይ ነው። መዝገብ ወይም ፋይል ኪቦርዱ ላይ አስቀምጠው ከሆነ ወይም እጅዎ እዚያው አርፎ ከሆነ ሳያውቁት ከፍተውታል።

የቀኝ ሺፍትን እንደገና 8 ሰከንድ ቢጫኑ ይዘጋል። እንዳይመለስ፦ በማውስ ኮንትሮል ፓነል፣ ኢዝ ኦፍ አክሰስ፣ ከዚያ ኪቦርዱን ለመጠቀም ቀላል የሚያደርገውን ክፍል ይክፈቱ፤ የፊልተር ኪስ ምልክቱን ያንሡ፤ ወደ ውስጥ ገብተውም በሺፍት የሚነሣበትን ምልክት አብረው ያንሡ። ኤክስፒ ላይ ይኸው ነገር አክሰሲቢሊቲ ኦፕሽንስ ውስጥ ነው። ሺፍትን አምስት ጊዜ ሲመቱ የሚመጣው «ስቲኪ ኪስ» ሌላ ነው፤ እሱም ከተከፈተ ፊደሎቹ ሥርዓት ያጣሉ፤ በዚያው ገጽ ይዝጉት።

ጥያቄ፦ የድሮ ፒኤስቱ ኪቦርዴን ስለምወደው መርካቶ ሄጄ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ሐምራዊ ትንሽ መሰኪያ ገዛሁ። አንድም መብራት አይበራም። ሁለተኛ ገዛሁ፤ እሱም እንዲሁ።
ከጊዮርጊስ

መልስ፦ ሦስተኛ አይግዙ። ያቺ አንድ ቁራጭ መሰኪያ ውስጧ ባዶ ሽቦ ብቻ ነው፤ ምንም አትተረጉምም። የምትሠራው ከፋብሪካው ሁለቱንም ቋንቋ፣ ፒኤስቱንም ዩኤስቢንም፣ ለሚያውቅ ኪቦርድ ነው፤ አብራውም ካርቶኑ ውስጥ ትመጣ ነበር። የእርስዎ ኪቦርድ ፒኤስቱ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ያስፈልገዋል። በመልክ የሚለየው በአንድ ወገን ዩኤስቢ፣ በሌላው ወገን ሐምራዊና አረንጓዴ ሁለት ሶኬት ያለው ባለገመድ መሆኑ ነው። ሱቁ ውስጥ ሰክተው ካፕስ ሎክ ሲበራ አይተው ይክፈሉ።

ይህ የካፕስ ሎክ ነገር ለሌሎችም ይጠቅማል። መብራቱን የሚያበራው ኪቦርዱ ራሱ አይደለም፤ ቁልፉን ሲጫኑ መልእክቱ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ «አብራ» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ሲጫኑት የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት ነው፤ ጥፋቱን ሶፍትዌር ውስጥ ይፈልጉት። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ መጀመሪያ ማውሱን ያንቀሳቅሱ፤ እሱም ከደረቀ ኮምፒውተሩ ራሱ ቆሟል፤ ኪቦርዱን አይውቀሱ።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ የዩኤስቢ ኪቦርዱ ሞተ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ብዙ ጊዜ አበራሁት፤ ለውጥ የለም። ኪቦርዱ ሌላ ቤት ይሠራል።
ከለገሃር

መልስ፦ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ሳለ፣ ገመዱ ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት ተጠባባቂ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ብዙ ቦርዶች ዩኤስቢውን ከዚያ ያበሉታል። መብራቱ ሲንገላታ ግራ የተጋባው የዩኤስቢ ክፍል በማጥፋትና በማብራት ከዚያ ሁኔታ ላይወጣ ይችላል። ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፣ ዩፒኤስ ካለ ከዩፒኤሱም፤ የማብሪያውን ቁልፍ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ተጭነው ይቆዩና መልሰው ይሰኩ። ኪቦርዱንም ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ቀዳዳ ይሰኩት፤ የፊቱ ቀዳዳ በቀጭን ገመድ የሚመጣ ስለሆነ ቶሎ የሚላላው እሱ ነው።

ዊንዶውስ 8 ወይም 10 ካለዎት ሌላም ነገር አለ። «ሻት ዳውን» ሲሉ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ቶሎ ለመነሣት ሲል የድራይቨሮቹን (ዕቃዎቹን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኙትን ፕሮግራሞች) ሁኔታ አስቀምጦ ያድራል፤ ከነስሕተታቸው ማለት ነው። «ሪስታርት» ግን ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ሪስታርት ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ አሮጌ አንቲቫይረስ ካጠፋሁ በኋላ ኪቦርዱ ባዮስ ውስጥ ይሠራል፣ ዊንዶውስ 7 ሲነሣ ግን ይሞታል። ፓስወርድ እንኳ ማስገባት አልቻልኩም።
ከሜክሲኮ

መልስ፦ ባዮስ ውስጥ መሥራቱ ኪቦርዱን፣ ገመዱንና ሶኬቱን ነጻ ያወጣቸዋል። የቀረው ዊንዶውስ ነው። ፓስወርዱን ለማስገባት በመግቢያው ስክሪን ግራ ታችኛው ጥግ ያለችውን ሰማያዊ ምልክት በማውስ ይጫኑ፤ ያለ ኪቦርድ ለመጻፍ የሚለውን ይምረጡ፤ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣልዎታል።

ከገቡ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ኪቦርዱ ላይ ቢጫ ምልክትና ኮድ 19 ወይም 39 ካዩ፣ አንቲቫይረሱ ራሱን በኪቦርዱ መንገድ ላይ አስገብቶ ነበር፤ ሲጠፋ ፋይሉ ሄደ፣ ስሙ ግን ሬጅስትሪው (ዊንዶውስ ምርጫዎቹን የሚይዝበት መዝገብ) ውስጥ ቀረ። ዊንዶውስ የሌለውን ፋይል እየፈለገ ኪቦርዱን አያስነሣውም። ቀላሉ መንገድ በማውስ ብቻ የሚሠራው ሲስተም ሪስቶር ነው፤ አንቲቫይረሱ ከመጥፋቱ በፊት ወዳለው ቀን ይመልሱት።

የሚመለስበት ቀን ከሌለ ሬጅስትሪው ውስጥ የኪቦርድ ክላስ ፎልደር ላይ ያለውን «አፐር ፊልተርስ» የሚያውቅ ሰው ይክፈትልዎ፤ አስቀድሞ ኮፒ ያስቀምጥ። እዚያ ውስጥ መቅረት ያለበት «ኬቢዲክላስ» የሚለው ስም ነው፤ የሚሰረዘው ከእሱ ጋር የተጻፈው የአንቲቫይረሱ ስም ነው። ከኢንተርኔት ባገኙት ምክር ሙሉውን መስመር ከሰረዙ ግን ማንኛውም ኪቦርድ ቢሰካ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 7ን በፍላሽ ልጭን ስል የመጀመሪያው ገጽ ላይ ኪቦርዱም ማውሱም ይደርቃሉ። ባዮስ ውስጥ ግን ደህና ናቸው።
ከስታዲየም አካባቢ

መልስ፦ ሰማያዊው ዩኤስቢ ላይ ሰክተዋቸዋል ብለን እንገምታለን። እሱ ዩኤስቢ 3 ነው፤ የዊንዶውስ 7 መጫኛ ድራይቨሩን ይዞ አልመጣም። ጥቁሩ ላይ ያድርጓቸው፤ ወይም ፒኤስቱ ካለ በእሱ ይጫኑ። ድራይቨሩን በኋላ ያስገባሉ።

ጥያቄ፦ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ይጽፋል፣ አማርኛ ግን አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ነው የሚያወጣው። ኤክስፒ ነው።
ከአራዳ

መልስ፦ ኪቦርድዎ ጤነኛ ነው። ሳጥኑ የሚመጣው ፊደሉ ደርሶ የሚታይበት ፎንት ሲጠፋ ነው። ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ነው ኒያላ የሚባለውን ይዞ የመጣው። የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራምዎን ከነፎንቱ እንደገና ይጫኑ፤ ከዚያ ጽሑፉን መርጠው ፎንቱን ይቀይሩ።